የሸጥኩት ሚኒባስ ዕዳ ወልዶ መጣ፤ ልክፈል ወይስ ልሟገት?

ሰላም ለዚህ የፌስቡክ ቤት ሰዎች። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ነገሬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

በየካቲት 2014 ዓ.ም. ለሚኒባሴ ጂፒኤስ አስገጠምኩ። ሹፌሬ ማታ ማታ መኪናዋን ይዞ ወዴት እንደሚሰወር ግራ ገብቶኝ ነበር። የዓመቱን 3,600 ብር ከፍዬ ደረሰኝ ተቀበልኩ፤ አራት ገጽ ውል ሰጡኝ፣ ሳላነብ ፈረምኩ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሚኒባሷን ሸጥኳት። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደን ተፈራረምን፣ ሊብሬውን አስረከብኩ፣ ጂፒኤሱም ከነሽቦው ከመኪናዋ ጋር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ትዝ ብሎኝም አያውቅ።

ግንቦት 2017 ላይ ስሙን የማይናገር ሰው ደወለ። የጂፒኤስ ድርጅቱ ዕዳ እንዲሰበስብለት እንደወከለው ነግሮኝ 11,780 ብር በሁለት ቀን ውስጥ እንዳስገባ አዘዘኝ። የምን ዕዳ ብለው፣ ውሉ ራሱን በራሱ እያደሰ ሁለት ዓመት ሄዷል አለ። ሂሳቡን በቴሌግራም ላከልኝ፤ የሁለት ዓመት አገልግሎት 7,200፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ 1,080፣ የመዘግየት ቅጣት 2,500፣ የማስመለሻ ወጪ 1,000። አልከፍልም አልኩት። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ደወለ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደገመ። በሦስተኛው ቀን ለባለቤቴ ወንድም፣ በሳምንቱ ደግሞ ለእድራችን ዳኛ! ለካ ያኔ ቅጹ ላይ ሁለት ተጠሪ ጻፍ ሲሉኝ የሁለቱን ስልክ ሰጥቼ ኖሯል። እሑድ ዳኛው ጥግ ወስደውኝ፣ የቸገረህ ነገር ካለ ለምን አትነግረንም ልጄ አሉኝ። በቁሜ አለቅሁ።

ሰውየው አሁን ደሞዝህን እናስይዛለን፣ ፖሊስ ይዘን ቤትህ እንመጣለን፣ ፋይዳህን እናዘጋዋለን እያለ ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው። ከፍዬ ልገላገል ወይስ ልሟገት?

*

ይህን ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነ፣ መልሱም አርባ አልፏል። አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ከላይ የተመለሰውን መልሶ ስለሚጠይቅ፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ ልተርከው ነው። ቃል በቃል አይደለም፤ የአንዳንዱ ሰው አፍ ባይደገም ይሻላል።

1፦ ቀድሞ የደረሰልኝ የጎሮ የታክሲ ባለንብረት ነው። እሱም ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሶ፣ ሰውየው ይተወኝ ብሎ 2,000 ብር አስገብቶ ነበር። በወሩ ቀሪውን አምጣ ተብሎ ተደወለለት፤ ያስገባት 2,000 ዕዳውን ለማመኑ ማስረጃ ተደርጋ ቀረበችበት። ለማስታገሻ ተብሎ አምስት ሳንቲም እንዳይከፈል አጥብቆ መከረኝ።

2 እና 3፦ ቁጥሩን ዘግቼ እንድተኛ የነገሩኝ ናቸው። አንዷ ሲም ካርድ መቀየሩን መፍትሔ አድርጋ አቀረበችው። እኔ ሲም ብቀይር የእድሩ ዳኛ ሲም አይቀይሩም ብዬ መለስኩላት።

4፦ ብሎክ 63 ያለ ጎረቤቴ ሌላውን ሁሉ ትቶ ውሉን አንብቤው እንደሆነ ጠየቀኝ። (ከዚህ ሰው ጋር አምስት ዓመት ደረጃ ላይ ስንተላለፍ አንገት ከመነቅነቅ ሌላ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።) አፍሬ ሄድኩና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ካለው ፌስታል ውስጥ አወጣሁት። አንቀጽ 7 በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፤ ደንበኛው ውሉ ከማለቁ 30 ቀን በፊት በጽሑፍ ካላሳወቀ ውሉ ለተመሳሳይ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። አንቀጽ 11 የመዘግየት ቅጣት ነው። የድርጅቱን ስም ሸፍኜ ፎቶውን ለጠፍኩት።

5፦ የሕግ ተማሪ ነኝ ያለ ልጅ በደስታ ፈነጠዘ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል፤ ስለዚህ ዝም በማለቴ ውሉ ሊታደስ አይችልምና ጉዳዩ አልቋል ብሎ ፈረደልኝ። ሃያ ሰው ወደደለት። እኔም ያን ቀን ራቴን በደንብ በላሁ።

6፦ ደስታዬን ያበረዱት ለገጣፎ የሚኖሩ ጡረተኛ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ናቸው። እዚህ ቤት ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ልጁን ሳያሳፍሩት አረሙት። 1682ን ያነበበ ሰው ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ 1684ንም ማንበብ አለበት፤ ቀድሞ የሥራ ግንኙነት ባላቸው ሰዎች መካከል፣ ካልመለስክ እንደተቀበልክ ይቆጠራል የሚል የተለየ ጽሑፍ ተልኮ ዝም ከተባለ፣ ዝምታው መቀበል ሊሆን ይችላል። ከዚያም በላይ እኔ አንቀጽ 7 ላይ አስቀድሜ ፈርሜያለሁ። በዝምታ በኩል የምከራከረው ክርክር ደካማ መሆኑን በግልጽ ነገሩኝ።

ግን ሌላ በር አሳዩኝ። በቁጥር 1772 መሠረት አንዱ ወገን ሌላው ውሉን አልፈጸመም ብሎ ከመነሳቱ በፊት ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። በሁለቱ ዓመት ውስጥ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ የክፍያ መጠየቂያ ደርሶኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። አንድም አልደረሰኝም። እንግዲያው የመዘግየት ቅጣቱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ተቆጠረ? ደግሞ መሣሪያው መረጃ ሳያስተላልፍ ከቆየ የተሰጠው አገልግሎት ምንድን ነው? የሚደውለው ሰውስ የውክልና ወረቀቱን አሳይቷል? ለ1ኛው መልስ ሰጪም ማብራሪያ ጨመሩ። ለውል ጥያቄ ሕጉ በቁጥር 1845 የሰጠው ይርጋ፣ ማለትም ዕዳን በፍርድ ቤት መጠየቅ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ 10 ዓመት ነው፤ ባለዕዳ ከዕዳው ከፊሉን ሲከፍል ዕዳውን እንዳመነ ተቆጥሮ በቁጥር 1851 ይርጋው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ 2ኛዋና 3ኛው እንዳሉት ዝም ብሎ መተኛት ዕዳን አያስረሳም፣ ለሰላም ብሎ መቆንጠርም ሰላም አያመጣም። ከአርባው መልስ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

7፦ እዚህ ላይ አየሩ ተቀየረ። አያት አካባቢ ጂም ያለው ሰው መጥቶ አለቅሶውን እንድናቆም ጠየቀ። ቁጥር 1731ን ጠቀሰ፤ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባዋዋላቸው ሰዎች ላይ ሕግ ነው። ሰው ፈርሞ ሲያበቃ አላነበብኩም ማለቱ ነውር መሆኑን፣ እንደኔ ዓይነት ደንበኛ ትንንሽ ድርጅቶችን እንደሚገድል፣ የቤት ኪራይ የሚጨምርበትን አከራይ እንደኛ በፌስቡክ ሊከሰው እንደማይችል ዘረዘረ። ቃሉ ጎምዛዛ ነበር፤ ግን ውሸት አልነበረበትም። ሚኒባሷን ስሸጥ አንዲት ወረቀት ጽፌ ብወስድላቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

8 እስከ 12፦ ጦርነት። አንዲት ሴት ጂም ተመዝግባ ሁለት ወር ከሄደች በኋላ ሰንዳፋ ቤት አግኝታ እንደተዛወረች፣ ጂሙ ግን የዓመቱን ጨርሺ ብሎ ለአሠሪዋ ሳይቀር እንደደወለ ጽፋ፣ ጂሙ የእሱ ይሆን እንደሆነ በቀጥታ ጠየቀችው። ካደ። ሌላው ስለ ጡንቻው የማይጻፍ ነገር ጻፈ። እሱም ስለ ሌላው ሆድ የማይጻፍ ነገር መለሰ። ለሁለቱም በውስጥ መስመር ለምኜ አስታገስኳቸው። ሴትየዋ ግን እስከ መጨረሻው አልተወችውም፤ የሱ መልስ በታየ ቁጥር ሥሩ ላይ የክብደት ማንሻ ሥዕል ታስቀምጣለች።

13፦ የሂሳብ ባለሙያ ናት። ነገር ሳታበዛ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ፎቶ እንድለጥፍ አዘዘችኝ። 3,600ው ላይ ታክሱ ተካቶ ነው የተቆረጠው። 15 በመቶው ውስጡ ካለ፣ 7,200 ላይ እንደገና 1,080 መጨመር አንዱን ታክስ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። የማስመለሻ ወጪ የሚባለውንም በውሉ ውስጥ ፈልጌ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። የለም። ከ11,780ው ላይ 2,080 ብር በአንድ መልስ ወደቀ።

14፦ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል የምትሠራ የገላን ነዋሪ ስለ ደሞዙ ዛቻ ጻፈች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59፣ አሠሪ ከደሞዝ ላይ የሚቆርጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም። እሷ ራሷ በስልክ ቁረጡ የሚሉ ሰዎችን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘው እንዲመጡ ነግራ እንደምትዘጋባቸው፣ እስካሁን የመጣ እንደሌለም ነገረችን።

15፦ የሰበታ ልጅ ነገሩን ወደ ሌላ መስመር ወሰደው። በስልኩ አነስተኛ ብድር ወስዶ ቀኑ አልፎበታል፤ እናቱ ዘንድ ሳይቀር እየተደወለ ነው። እሱም ተሰልፎ መሟገት ይችል እንደሆነ ጠየቀ።

16፦ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ያለ ሰው ሁለቱን ነገር እንዳናቀላቅል አስጠነቀቀ። የኔው የአገልግሎት ክርክር ነው፤ የልጁ ግን የተቀበለው ገንዘብ ነው። የባንክና የማይክሮ ፋይናንስ ብድር በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ውስጥ ስለሚመዘገብ ነገ ቤት መሥሪያ ወይም መኪና መግዣ ሲጠይቅ ፊቱ ይመጣል። ስለዚህ ልጁ ተደብቆ ከሚኖር ሄዶ የሂሳብ መግለጫ በጽሑፍ ይጠይቅ፣ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምለት ያመልክት። የደወሉት ሰዎች ካስፈራሩት ደግሞ ቅሬታውን መጀመሪያ ለተቋሙ በጽሑፍ ማስገባት፣ ካልተመለሰለት በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣውን የብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ ይዞ ወደ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ይችላል። መክፈል ግዴታው መሆኑን፣ መሰደብ ግን ግዴታው አለመሆኑን ለይቶ ነገረው።

17፦ አንዱ ክፉ፣ ብድሩ በቤቲንግ አልቆ እንደሆነ ጠየቀ። ልጁ አልመለሰም። ሁለት ቀን ቆይቶ መልእክቱን ሰረዘው። በውስጥ መስመር ጽፌለት ደህና ነው፤ ከባንኩ ጋር ተነጋግሮ አራት ወር ተሰጥቶታል።

18፦ ጋሼ ተመለሱ። ስለ ተጠሪ የሚባለው ነገር ከንክኗቸው ኖሯል። በቁጥር 1922 ዋስትና በግምት አይመጣም፤ በግልጽ መሰጠት አለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበትም ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ቅጽ ላይ ስሙና ስልኩ የተጻፈ ሰው፣ ያውም ሳይነገረው የተጻፈ፣ ዋስ ሊባል አይችልም። ይህን አትሜ ለእድራችን ዳኛ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና አጥፈው ከሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት። በማግስቱ ሰውየው ሲደውልላቸው ከኪሳቸው አውጥተው በስልክ እንዳነበቡለት ከባለቤታቸው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አልደወለላቸውም። እውነቱን ለመናገር ከብሩ ይልቅ የከበደኝ ያ የእሑዱ ጥግ ነበር፤ ሰውየውም ይህን አውቆ ነው የሚደውለው። ፍርድ ቤት ስለመሄድ አንድም ቀን ከልቡ አውርቶ አያውቅም። የሚያወራው ስለ ጎረቤቶቼ ነው።

19፦ ከጀሞ አንዲት ልጅ፣ የእናቷ ካርድ በየጠዋቱ ሁለት ሁለት ብር እየጎደለ ለወራት ሌባው እንደጠፋቸው፣ የቤት ሠራተኛዋ ሳትቀር እንደተጠረጠረች ጻፈች። በመጨረሻ ስልኩን ስትከፍተው እናትየው በአጭር ቁጥር የሚላኩ አራት አገልግሎቶች ተመዝጋቢ ሆነው አገኘቻቸው። አንዱ የእንግሊዝ ኳስ ውጤት ነው። እናቷ የ71 ዓመት ሴት ናቸው፤ አርሰናል ማን እንደሆነ አያውቁም፣ ማሸነፉን ግን በየሳምንቱ ከፍለው ይሰማሉ።

20 እና 21፦ የሚበዛው ሳቀ። አንድ የስልክ ጥገና ሠራተኛ ግን ቁም ነገር ጻፈ። ሽልማት አለ ወይም ለሦስት ቀን ነጻ ነው የሚል መልእክት ሲመጣ ሰው ሳያስብ ኦኬ ብሎ ይልካል፣ ነጻው ቀን ሲያልቅ መቁረጥ ይጀምራል። ለማቆም ለዚያው አጭር ቁጥር ስቶፕ ብሎ መላክ ነው፤ አላቆም ካለ የቴሌ ተጠቃሚ 994 ደውሎ ማዘጋት፣ የሳፋሪኮም ተጠቃሚ ደግሞ 700። እነሱ ካልሰሙ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጠቃሚ ቅሬታ ይቀበላል። ልጅቷ ከሁሉ በፊት ለሠራተኛዋ ይቅርታ ጠይቃ እንደሆነ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር። ጠይቃለች።

22 እስከ 25፦ ውሃ። ብሎክ 63 ያለው ጎረቤቴ ውሃ ከጠፋ ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀ፣ ሌላው አሥራ አንድ ብሎ ቆጠረ፣ ሦስተኛው በቦቲ የሚያመጣ ሰው ስልክ ለጠፈ፣ አራተኛው የቦቲውን ዋጋ ሰምቶ ተሳደበ። ከርዕሱ ጋር የማይገናኝ ነው ብሎ አንድ ሰው ቢቆጣ፣ ሳይጠቀሙበት መክፈልን በተመለከተ ከውሃ የበለጠ ምሳሌ ከየት ይመጣል ተብሎ ተዘጋበት።

26፦ ስለ ፖሊሱ ዛቻ የመጣ መልስ። አንዲት ነጋዴ እሷም ላይ እንዲሁ ሲዛትባት ዝም ብላ አልጠበቀችም፤ የስልክ ጥሪውን ቀድታ፣ መልእክቶቹን አሳትማ ራሷ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መርማሪው ቁጥሩ ላይ ደውሎ ማንነቱን ሲጠይቀው ሰውየው ስልኩን ዘጋ፣ ዳግመኛም አልተሰማም። ማስፈራራት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 580 በአቤቱታ የሚያስጠይቅ ነው። በስልክና በኢንተርኔት እየደጋገሙ ማስጨነቅ ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ተጽፏል። ፋይዳን በሚመለከት ግን መልሷ አንድ መስመር ነው፤ የመታወቂያው ቁልፍ ያለው መንግሥት ዘንድ እንጂ ዕዳ ሰብሳቢ ኪስ ውስጥ አይደለም።

27፦ ተማሪው ልጅ ከቅጣቱ ተነሥቶ መጣ። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. ያጸደቀችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 11፣ ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላቃተው ብቻ አይታሰርም እንደሚል ጻፈ። በዚህኛው ማንም አልሳቀበትም።

28፦ መርካቶ የሚሠራ አንድ ሰው ግን ‘ብቻ’ የምትለዋን ቃል አስምሮባት አስጠነቀቀ። ለዋስትና ተብሎ ቼክ የሰጠ ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ በቂ ስንቅ፣ ማለትም በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ወንጀል ነው። የሱ የአጎቱ ልጅ የ40,000 ብር ዕዳ ነበረበት፤ ያሳሰረው ግን ዕዳው ሳይሆን ቀን ሳይጻፍበት የሰጠው ቼክ ነው። ቼክ እንዳልሰጠሁ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። አልሰጠሁም።

29 እና 30፦ አንዱ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 እንደ ሸማች ወደ ንግድ ሚኒስቴር እንዳመለክት መከረኝ። ጋሼ ይህንንም አቀዘቀዙት። ሸማች የሚባለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ ነው፤ ታክሲ ለሚሠራ ሚኒባስ የተገዛ ጂፒኤስ ለንግድ ነው ተብሎ ሊመለስብኝ ይችላል። የጂሟ ሴትዮ ግን ትክክለኛዋ ሸማች እሷ እንደሆነች ነገሯት። በዚያው ቀን ማመልከቻ እንደጻፈች ለጠፈች፣ የክብደት ማንሻውንም ሥዕል አልረሳችም።

31፦ አንድ ሌላ የለገጣፎ ሰው፣ ድርጅቱ አዲስ አበባ፣ እሱ ደግሞ ሸገር ከተማ ውስጥ መሆኑ ቢከሰስ የት እንደሚከሰስ ጠየቀ። ከ2015 ወዲህ የከተማው ስም መቀየሩ ስንቱን ግራ እንዳጋባ ከዚህ ክር ነው ያየሁት። መሠረቱ ተከሳሹ የሚኖርበት ፍርድ ቤት ነው፤ የውል ክርክር ግን ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ሊቀርብ ይችላል። ጋሼ መጥሪያ ከደረሰው ከየትኛውም ፍርድ ቤት ቢሆን ሳይቀር እንዲቀርብ አደራ አሉት። በስልክ ዛቻ መሳቅ ይቻላል፣ በመጥሪያ ግን አይሳቅም፤ ቀርቦ ያልተከራከረ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል። ጠበቃ መግዣ ለሌለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥም ጨመሩ።

32 እስከ 34፦ ስሜን ለሦስተኛ ወገን ስለማሳወቁ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016፣ ማለትም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ፣ ክርክር ተነሣ። አንዱ ለእድር ዳኛ ዕዳዬን መናገሩ ብቻ ጥሰት እንደሆነ፣ ሌላው አዋጁ ገና ለጋ ስለሆነ ብዙም እንዳልጠብቅ ጻፉ። በመካከል አንድ ሰው ለባጃጁ ጥሩ ጂፒኤስ የሚገጥም ቢኖር ጠቁሙኝ አለ። እዚህ ክር ላይ መጥቶ!

35፦ የኔ ነው። ብሎክ 63 ያለው ጎረቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ደብዳቤ ጻፍን። የውክልና ማስረጃ፣ የተላኩልኝ የክፍያ መጠየቂያዎች ቅጂና መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ መረጃ ያስተላለፈበት ቀን በጽሑፍ እንዲደርሰኝ፣ ውሉን ከዛሬ ጀምሮ ማቋረጤን፣ ከእንግዲህም ለኔ ካልሆነ ለሌላ ሰው እንዳይደወል የሚል ነው። የሰነዶች ማረጋገጫውን የሽያጭ ውል ቅጂ አያያዝንበት። በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ፣ ማለትም ተመዝግቦ ደረሰኝ በሚሰጥበት ደብዳቤ፣ ላክን፤ ደረሰኙን ከውሉ ጋር እዚያው ፌስታል ውስጥ ከተትኩት።

36 እስከ 38፦ ደብዳቤ ማንንም አስቁሞ አያውቅም ያሉ፣ ቅጂውን ላክልን ያሉ፣ ሪኮማንዴ እስካሁን መኖሩን ያላወቁ።

39፦ እንደገና የኔ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከድርጅቱ ራሱ ተደወለ፣ ከዚያ ሰው አይደለም። ልዝብ ድምፅ ያላት ሴት ናት፣ በስሜ ጠራችኝ። ቅጣቱ፣ ታክሱና የማስመለሻው ወጪ ተነሥተው፣ ከሁለቱ ዓመት የአንዱን ብቻ፣ 3,600 ብር ከፍዬ ፋይሉ እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበች። መሣሪያው መረጃ ያቆመበትን ቀን ስጠይቃት ቴክኒክ ክፍሉን አነጋግራ እንደምትመልስልኝ ቃል ገባች። አልመለሰችም።

40፦ በዚህ ላይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ባለ ጂሙ ከፍዬ እንድገላገል መከረ፣ በዚህኛው ሳይሳደብ። የጎሮው ባለ ታክሲ ቀኑን ሳያሳውቁኝ እንዳልከፍል፣ ከከፈልኩም በእጄ ሰነድ ሳይገባ እንዳላስገባ ጻፈ። ጋሼ፣ መኪናዋን እንደሸጥኩ አለማሳወቄ የኔ ጥፋት መሆኑን፣ የአንድ ዓመቱ ነገር ፍርድ ቤት ቢደርስ ወዴት እንደሚያዘነብል እሳቸውም መማል እንደማይችሉ፣ ነገር ግን የጂፒኤሱ ማስተላለፊያ ሲም ካርድ የካቲት 2015 ላይ ሞቶ ከተገኘ 3,600ውም አብሮት እንደሚሞት ነገሩኝ። ባለ ጂሙ በውስጥ መስመር የጋሼን ስልክ ጠየቀኝ፤ የራሱን ውል አንቀጽ የሚያይለት ሰው ፈልጎ ነው። ሳላስፈቅድ ስልክ መስጠት ከምን እንዳደረሰኝ ስለማውቅ መጀመሪያ ጋሼን አስፈቀድኩ።

እኔ እስካሁን አልከፈልኩም። የቴክኒክ ክፍሉን ወረቀት እየጠበቅሁ ነው።

41፦ ብሎክ 63፦ ውሃ መጥቷል። ከዚህ በኋላ የጻፈ የለም፤ እኔም ጀሪካን ልይዝ ነው።